ባሕር ዛፍ፣ ዲከረንስ፣ ቀርከሃ ወይስ ንብ? በደጋ ለአንድ ጥማድ መሬት የሚሆነውን የደን ምርት ለመምረጥ

በአዊና በጎጃም ደጋማ ወረዳዎች የደከመ መሬት የያዘ ገበሬ ዛሬ ዓይኑ የሚያርፈው በአራት የደን ምርቶች ላይ ነው፤ የባሕር ዛፍ አጠና፣ የዲከረንስ (የግራር ዘር የሆነ ዛፍ) ከሰል፣ የደጋ ቀርከሃና ማር። የፕሮጀክት ሰነዶች አራቱንም «የደን ባዮኢኮኖሚ»፣ ማለትም ከደን በሚገኝ ምርት ላይ የቆመ ኢኮኖሚ ብለው አንድ ላይ ያስቀምጧቸዋል። ገበሬው ግን ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ጎረቤቱ አምና በሸጠበት ዋጋ ነው፤ ስህተቱም ከዚያ ይጀምራል። ዘንድሮ ዋጋው ያማለለ ዛፍ ዘንድሮ ቢተከል የሚሸጠው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ዘንድሮ የተከለው ሁሉ አብሮ ገበያ ይወጣል።

ስለዚህ እዚህ የምናነጻጽረው በዋጋ ሳይሆን በሦስት ጥያቄ ነው፤ የመጀመሪያው ገንዘብ መቼ ይገባል? ሥራው የማንን ጉልበት ይፈልጋል? ሲበላሽስ ምን ያህሉን ይዞ ይሄዳል? ለሒሳቡ እንዲመች መሬቱን አንድ ጥማድ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር ወይም 2,500 ካሬ ሜትር እናድርገው።

ከሁሉም በፊት አንድ ድምር መሥራት አለባችሁ። ያ መሬት በዓመት ቢከራይ ወይም ለእኩል ቢሰጥ የሚያስገባውን በዛፉ የመቆያ ዓመታት አባዙት፤ የችግኝ፣ የጉድጓድ፣ የአረምና የአጥር ወጪ ጨምሩበት። ዛሬ አካባቢያችሁ ያለ ያንኑ ያህል የደረሰ ዛፍ በቁሙ ከሚሸጥበት ዋጋ ጋር አስተያዩት። ለም የእርሻ መሬት ላይ ይህ ሒሳብ አዘውትሮ ለእህሉ ያደላል። ዛፍ የሚያዋጣው አሲድ በበላው፣ ቁልቁለት በሆነ፣ ቦረቦር በጀመረው ወይም ከቤት በራቀ መሬት ነው።

ባሕር ዛፍ፦ ጉልበት ላነሰው ቤት

ከአራቱ ትንሹን ሥራ የሚጠይቀው ባሕር ዛፍ ነው። በሬ የሌላት እማወራ፣ ልጆቹ ከተማ ወይም ዓረብ አገር የገቡበት ሽማግሌ መሬታቸውን በባሕር ዛፍ የሚያለብሱት ለዚህ ነው። ከተተከለ በኋላ ሁለት ዓመት ማረምና ከከብት መጠበቅ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ራሱን ያሳድጋል። ለብርዱ ደጋ ነጩ፣ ለሞቃቱና ለደረቁ ወገን ቀዩ ይመረጣል። በቀዩ ላይ ቅጠሉንና ለጋ ቅርንጫፉን የሚያሳብጥ ጥቃቅን የተርብ ዘር ስለሚመጣ፣ ችግኝ ስትገዙ እብጠት ያለበትን አትውሰዱ።

ትልቁ ውሳኔ ርቀቱ ነው። በ1 ሜትር በ1 ሜትር ቢተከል ጥማዱ 2,500 ችግኝ ይይዛል። ብዙ ሰው ግን በግማሽ ሜትር ይተክልና 10,000 ያጭቅበታል። ዛፉ ብርሃን ፍለጋ ቀጥ ብሎ ይረዝማል እንጂ አይወፍርም፤ በአምስተኛው ዓመት የሚገኘው ከማገር ብዙም አያልፍም። ወፍራም ቋሚ ወይም ጣውላ ያሰበ በ2 ሜትር በ2 ሜትር 625 ይተክላል፤ ግን ከአሥር ዓመት ያላነሰ መታገሥ አለበት። አማካዩ መንገድ በ1 ሜትር ተክሎ በሦስተኛው ዓመት ቀጫጭኑን ለማገር እያሳሱ ሌላውን ማወፈር ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው፤ ማሳሳት ምርት ማጥፋት ስለሚመስል።

የመጀመሪያው ቆረጣ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ነው። ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ ከዚያ በኋላ ያለ አዲስ ችግኝ ሦስት አራት ጊዜ ይቆረጣል፤ ይህ የሚሆነው ግን ጉቶው ከተጠበቀ ነው። ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ውሃ እንዳይቋጥር ዘመም አድርጋችሁ በመጋዝ ቁረጡ። በደነዘዘ መጥረቢያ ከተቆረጠ ቅርፊቱ ከግንዱ ይላቀቅና ቡቃያው ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ይገነጠላል። ቆረጣው ከክረምቱ ጥቂት ቀደም ቢል ቡቃያው በዝናብ ይነሳል። በዓመቱ ከየጉቶው ሁለት ወይም ሦስት ጠንካሮችን አስቀርታችሁ ሌላውን ለማገዶ አውጡ።

የሚያጣላው ነገር ዳሩ ነው። ከጎረቤት እርሻ ቢያንስ 10 ሜትር፣ ቢቻል 20 ሜትር አርቁት፤ መሬቱ ጠቦ ካልተቻለ ድንበሩ ላይ ሥሩን የሚቆርጥ ቦይ ይቆፈርና በየዓመቱ ይታደስ። ምንጭ አጠገብ አይተከልም። የእርሻ መሬትን ወደ ባሕር ዛፍ መቀየርን የሚገድቡ ቦታዎች ስላሉ የወረዳውን መሬት አስተዳደር አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሌላው ወጪ ቆይቶ የሚመጣ ነው፤ መሬቱን ወደ እህል ልመልስ ያለ ሰው እያንዳንዱን ጉቶ በጉልበት መንቀል ይኖርበታል።

ገበያውም ሩቅ ማሰብ ይጠይቃል። ከሰሜን ምዕራብ የሚወጣው አጠና ከፊሉ በመተማ በኩል ሱዳን ይገባ ነበር። ሱዳን ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ጦርነት ውስጥ ስለሆነች፣ ዋጋችሁን በአገር ውስጥ ግንባታ ብቻ አስሉት።

ዲከረንስ፦ አሲድ ለበላው መሬት፣ ግን ግማሹን ብቻ

ፋግታ ለኮማ ወረዳን ያየ ሰው ዲከረንስ ምን እንደሠራ ያውቃል። አሲዳማነት ምርቱን ያራቆተው መሬት በዚህ አውስትራሊያዊ ግራር ወደ ገንዘብ ተመልሷል። ያስፋፋውም በአብዛኛው ገበሬው ራሱ ነው። በመጀመሪያው ክረምት ጤፍ ተዘርቶ ችግኙ መሐሉ ይተከላል፤ ጤፉ ይታጨዳል፣ ችግኙ ይቀራል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ከሥሩ ሣር ይታጨዳል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉ ተቆርጦ እዚያው ከሰል ይሆናል፤ መሬቱ ታርሶ አንድ ሁለት ዓመት ጤፍ፣ ስንዴ ወይም ድንች ያበቅላል፤ ከዚያም ችግኝ ይመለስበታል። ሥሩ ናይትሮጅን ከአየር ስለሚያስገባና ረጋፊው ቅጠል ስለሚበሰብስ ከቆረጣ በኋላ ያለው አዝመራ ይሻላል።

ከባሕር ዛፍ የሚለይበት ሁለት ነገር አለ። ባዶ የሚቀር ዓመት የለም፤ በጤፉ፣ በሣሩና በከሰሉ በየዓመቱ አንድ ነገር ይገባል። ከጉቶው ደግሞ አያቆጠቁጥም፤ ስለዚህ መሬቱ እስረኛ አይሆንም፣ በሌላ በኩል ግን በየዙሩ አዲስ ችግኝ ማፍላት ግድ ነው። የችግኝ ሽያጩ ራሱ ለብዙ ሴቶችና ወጣቶች ገቢ የሆነው ከዚህ የተነሳ ነው።

የዘሩ ቆዳ ጠንካራ ስለሆነ በደረቁ ከተዘራ ጥቂቱ ብቻ ይበቅላል። ውሃ አፍልታችሁ ከእሳት አውርዱ፣ ዘሩን ጨምሩበትና እዚያው ቀዝቅዞ ይደር። ጠዋት ያበጠው ይዘራል፤ ያላበጠው ይደገምለታል። እሳት ላይ እንዳለ አብሮ መቀቀል ግን ዘሩን ይገድለዋል።

ከሰሉ ላይ ያለው ልዩነት ከዘሩም ይበልጣል። በተለመደው የአፈር ክምር ከ100 ኪሎ ደረቅ እንጨት ከ10 እስከ 15 ኪሎ ከሰል ይወጣል፤ ጭስ ማውጫ ባለው በተሻሻለ ክምርና በጥሩ ጠባቂ እስከ 25 ወይም 30 ይደርሳል። አንዱ ከሁለት ጥማድ የሚያገኘውን ከሰል ሌላው ከአንድ ጥማድ ያገኛል ማለት ነው። እንጨቱ ተቆርጦ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ይድረቅ፤ እርጥቡ ከተከመረ ከእንጨቱ ብዙው የራሱን ውሃ ለማትነን ይነዳል። ወፍራሙ ወደ መሐል፣ ቀጭኑ ወደ ዳር ሆኖ ክፍተት ሳይኖር ይጠቅጠቅ፤ ሣርና ቅጠል ይልበስ፣ ከዚያ ከ15 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ አፈር። ከተለኮሰ በኋላ ጭሱን ተከታተሉ። ወፍራም ነጭ ጭስ የውሃ እንፋሎት ነው። ቢጫማ ሲሆንና ሲከረፋ እንጨቱ መክሰል ጀምሯል። ቀጥኖ ሰማያዊ ሲመስል ያ ወገን በስሏል፤ ቀዳዳውን ድፈኑት። ክምሩ ሲሰምጥ አፈሩ ይሰነጠቃል፤ በዚያ ስንጥቅ አየር ከገባ ያ ጎን አመድ ነው፣ ስለዚህ ሌሊትም ሰው ይደርለት። ደግሞ ሳይበርድ አይከፈት፤ ጆንያ ውስጥ የገባ ረመጥ የመኪና ጭነት አቃጥሎ ያውቃል። ከሰል ለመጫን የወረዳው ፈቃድ ስለሚጠየቅ ወረቀቱን ከቆረጣው በፊት ጨርሱ።

አሁን ግን ይህን ዛፍ እንደ ድሮው ዓይንን ጨፍኖ መምረጥ አይቻልም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በአዊ የዲከረንስ ደን ላይ የዋግ በሽታ ገብቷል። ቅጠሉና ለጋው ግንድ ላይ ቡናማ ዱቄትና ዝልግልግ ነገር ይታያል፣ ቅጠሉ ይጠቀለላል፣ ይረግፋል፣ ዛፉ ይቀጭጫል። በሽታው በነፋስ ስለሚሄድ፣ አንድ ዓይነት ዛፍ ተራራውን ከሞላው ከማሳ ማሳ ለመዝለል አይቸገርም። መድኃኒት መርጨት ለአነስተኛ ገበሬ አያዋጣም። የቀረው መንገድ መቀነስ ነው። ከመሬታችሁ ከግማሽ በላይ ለዲከረንስ አትስጡ፣ በአንድ ዓመት ሁሉንም አትትከሉ፣ የታመመ ማሳ አጠገብ ከሚገኝ ችግኝ ጣቢያ አትግዙ። በሁለተኛው ዓመት ግማሹ ዛፍ ቅጠሉን ካራገፈ አምስተኛውን ዓመት መጠበቅ ኪሳራን ማስረዘም ነው፤ ለማገዶ አውጥታችሁ መሬቱን ወደ እህል መልሱ።

ቀርከሃ፦ ለቦረቦርና ለወንዝ ዳር፣ ባለሙያ ቅርብ ከሆነ

የደጋው ቀርከሃ ከ2,200 ሜትር በላይ ያለውን ቀዝቃዛና እርጥብ አገር ይወዳል። እንጅባራ አካባቢ ከጓሮ አጥር ጀምሮ እስከ ሶፋና ወንበር ድረስ ይሠራበታል። በቤኒሻንጉል ያለው የቆላው ዓይነት ሌላ ዝርያ ነው፤ ደጋ አምጥቶ መትከል አያዋጣም።

ተከላው ቀስ ያለ ነው። ዕድሜው ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት የሆነ አገዳ ከነሥሩ ይነቀላል፣ ራሱ ተቆርጦ አራት አምስት አንጓ ይቀርለታል፣ በሰኔ መጀመሪያ ይተከላል። በ5 ሜትር በ5 ሜትር ለጥማዱ 100 ይበቃል። ከባዱ ማጓጓዣው ነው፤ ሥሩ ፀሐይ ላይ ሳይሸፈን ከዋለ አይጸድቅም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚወጣው ቡቃያ ቀጭን ነው፣ ሰው «አልያዘልኝም» ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው ያኔ ነው። በየዓመቱ የሚመጣው ካምናው ይወፍራል፤ ደህና ምርት ከአምስተኛ ወይም ከስድስተኛው ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ በሐምሌና ነሐሴ የሚወጣውን ለጋ ቡቃያ ከብት ከበላው የዓመቱ ምርት ተበላ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ግን በየዓመቱ ይቆረጣል፣ መሬቱም አይራቆትም፤ ቦረቦር ለመግታት ከአራቱ የሚስተካከለው የለም። ደንቡ ሦስት ዓመት ያልሞላውን አለመንካት ነው። ዕድሜውን እንዲህ ለዩ፦ የዘንድሮው ልባሱ አልወለቀም፣ አንጓው ሥር ነጭ ዱቄት አለው። ሦስት ዓመት ያለፈው ገላው ላይ ሽበት የመሰለ ነጠብጣብ ይዟል፣ በካራ ጀርባ ሲመታ ድምፁ ደረቅ ነው። ይህን ለማየት ያልሠለጠነ ዓይን ያለው ሰው የየዓመቱን ቡቃያ በተለያየ ቀለም ምልክት ያድርግ። የተለመደው ጥፋት ከዳር ከዳር መቁረጥ ነው። ዳሩ ለጋ ነው፣ መሐሉ ሽማግሌ፤ ለጋው ሲያልቅ ሽማግሌው እየተጨናነቀ ይደርቅና ቁጥቋጦው ከውስጥ ይሞታል። ወደ መሐል የምትገቡበት መንገድ ክፈቱ፤ ከመሬት ከመጀመሪያው አንጓ በላይ ጠጋ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ በአንድ ዓመት ከሲሶው አትለፉ።

ቆረጣው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ደረቅ ጊዜ ይሁን። በክረምት የተቆረጠ ቀርከሃ ውስጡ ስታርች ስለሚበዛ ነቀዝ ይገባበታል፤ ወንበሩ ከተሸጠ በኋላ ከሥሩ ቢጫ ዱቄት የሚያፈሰው ይህ ነው። አንጓውን በስተው በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውሃ አንድ ሁለት ሳምንት የዘፈዘፉት ዕቃ ግን ዓመታት ይቆያል።

ገንዘቡ ላይ ቁርጥ ያለ ነገር እንናገር፦ ቀርከሃን በአገዳ ቆጥሮ የሚሸጥ ገበሬ ከባሕር ዛፍ ሻጭ አይበልጥም። ጥቅሙ ያለው ሳጠራ፣ ቅርጫትና ወንበር ላይ ነው። በአህያ ቀን ደርሶ መልስ ርቀት ውስጥ የቀርከሃ ሠሪ ከሌለ፣ ወይም ከማኅበሩ ሁለት ሦስት ሰው ሙያውን ካልተማረ፣ ቦረቦሩን ለማዳን ትከሉት እንጂ ዋና ገቢ አታድርጉት።

ንብ፦ መሬት ለሌለው ወጣት

ከአራቱ መሬት የማይጠይቀውና በዓመቱ ገንዘብ ሊያሳይ የሚችለው ንብ ነው። ኢትዮጵያ በአፍሪካ በማር ምርት ቀዳሚ ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ደግሞ ማሯ ወደ አውሮፓ ኅብረት እንዲገባ ተፈቅዷል። ከንክኪ የተከለለ ተፋሰስ ለተሰጠው ወጣት ማኅበር ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አናውቅም።

የቀፎው ምርጫ ግን ብዙ ማኅበር ያከሰረ ነገር ነው። ባህላዊው ቀፎ በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ፣ የሽግግሩ ከ15 እስከ 20፣ የፍሬም ቀፎው በደህና አያያዝ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ይሰጣል። ቁጥሩን ያየ ሁሉ ፍሬም ቀፎ ይላል። ፍሬም ቀፎ ግን የታተመ ሰም (ንቧ እንጀራዋን የምትሠራበት የሰም ንጣፍ)፣ የማር ማውጫ ማሽንና በየጊዜው ከፍቶ የሚያይ ሰው ይፈልጋል። ከገበያ የሚገዛው የታተመ ሰም ፓራፊን ከተቀላቀለበት ንቧ አትሠራበትም ወይም በሙቀት ይፈርሳል። ማሽኑ ከሌለ ደግሞ ፍሬሙ እንደ ባህላዊው ተጨምቆ የፍሬሙ ትርፍ ይቀራል። ለጀማሪ አሥር የሽግግር ቀፎ ከአምስት ፍሬም ቀፎ ይሻላል፤ ከላይ በሚደረደሩ እንጨቶች ላይ ስለሚሠራ በአካባቢው አናጢ ይበጃል፣ ማሩም ከሰሙ ጋር ይሸጣል።

በአማራ ደጋ ዋናው ቆረጣ ከአደይ አበባ በኋላ በጥቅምትና ኅዳር ነው፤ የበልግ ዝናብ ከሰጠ በግንቦት ወይም በሰኔ ሌላ ይመጣል። ከሦስት እጅ ሁለቱ በሰም ያልታሸገ የማር እንጀራ አይቆረጥም፤ ውሃው ከ20 በመቶ ካለፈ ማሩ በማስቀመጫው ውስጥ ይፈላል፣ ነጋዴውም በጠጅ ዋጋ ይወስደዋል። ጭስ ሲበዛ ማሩ ጭስ ይሸታል፤ በኩበት ፋንታ ደረቅ ሣር ተጠቀሙ። መድኃኒት ወይም ነዳጅ የነበረበት ጀሪካን ታጥቦም ለማር አይሆንም። ሁሉንም ማር ጠርጋችሁ አትውሰዱ፤ በክረምቱ የሚራበው መንጋ ጥሎ ይሄዳል። የቀፎው እግር በአመድ ወይም በተቃጠለ ዘይት ካልተጠበቀ ጉንዳን በአንድ ሌሊት ያጸዳዋል።

ትልቁ አደጋ ከእናንተ እጅ ውጪ ነው፦ የጎረቤት ርጭት። አበባ ላይ ያለ ሰብል ቀን ላይ ከተረጨ የሞተች ንብ ደጃፉ ላይ ትከመራለች። ከጎረቤት ጋር ርጭቱ ማታ እንዲሆን፣ ከዚያ በፊት እንዲነገራችሁ ተስማሙ፤ ቀፎውን ማታ ዘግታችሁ በማግስቱ ረፈድ ሲል ክፈቱት።

ንብ ከሌሎቹ ጋር ምን ያህል ይስማማል? ባሕር ዛፍ ጥሩ የማር አበባ አለው፤ ነገር ግን በአራት ዓመት ለማገር የሚቆረጥ ብዙም ሳያብብ ያልቃል፣ ስለዚህ ዳሩ ላይ አንድ ረድፍ ሳይቆረጥ ይቆይ። ዲከረንስ ብናኝ እንጂ ማር ብዙም የለውም። ቀርከሃ ለንብ ምንም አይሰጥም። ግራዋና ብሳና አጥር ላይ መትከል ከሦስቱም ይበልጥ ይረዳል።

የተፈጥሮ ደን አጠገብ ላለ ሰው

በከፋ፣ በሸካ ወይም በኢሉባቦር ለሚኖር ንጽጽሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ደኑ አለ፣ ጥያቄው የመጠቀም መብቱ ነው። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደንን ስላወቀ፣ በአሳታፊ የደን አስተዳደር (ማኅበረሰቡና መንግሥት ደኑን አብረው በሚያስተዳድሩበት አሠራር) የተፈረመ ስምምነት ያለው ማኅበር የጫካ ቡና፣ ኮረሪማና ማር መሰብሰብ ይችላል። ቡናን ለአውሮፓ የሚያስብ አንድ ነገር ይወቅ፦ የአውሮፓ ኅብረት የደን ሕግ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ የተገኘ ቡናን አይቀበልም፣ የማሳውንም መገኛ ነጥብ ይጠይቃል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ተደጋግሞ ቢገፋም ገዢዎች ከአሁኑ እየጠየቁ ነው።

ማን ምን ይውሰድ

አሲዳማ ጥማድና ጉልበት ያለው ቤት፦ ግማሹን ዲከረንስ በሁለት ዙር ከፋፍሎ፣ ግማሹን እህል፣ ጓሮው ላይ ሁለት ሦስት ቀፎ። ጉልበት የሌለው ወይም ከውጭ በሚላክ ገንዘብ የሚተዳደር ቤት፦ ባሕር ዛፍ፣ ግን ከእርሻ የራቀው መሬት ላይ ብቻ፤ ገንዘብ ላኪውም አምስት ዓመት እንደሚታገሥ አስቀድሞ ይወቅ። ቦረቦር ያለው፦ ቀርከሃ ከቦረቦሩ አናት ጀምሮ። መሬት የሌለው ወጣት፦ ንብ፣ በሽግግር ቀፎ። በሁለት ዓመት ውስጥ ለልጅ ትምህርት ወይም ለዕዳ ገንዘብ የሚፈልግ ሰው ከዛፎቹ አንዱንም አይምረጥ፤ ያልደረሰ ዛፍ በችኮላ ሲሸጥ ነጋዴው ብቻ ይጠቀማል።

ዛፍ በቁሙ ስትሸጡ ከነጋዴው በፊት እናንተ ቁጠሩ። 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ቦታ ሦስት ጊዜ፣ አንዱን ከዳር፣ አንዱን ከመሐል፣ አንዱን ከደካማው ወገን ለኩ፤ ማገሩን፣ አጠናውንና ቋሚውን ለየብቻ ቁጠሩ፣ አማካዩን በ25 አባዙ። ጥማዱ ውስጥ ያለው ዛፍ በግምት ያ ነው። ውሉ ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ነጋዴው ወፍራሙን መርጦ ቀጭኑን ትቶ እንዳይሄድ ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንደሚቆርጥ፣ ጉቶውን በመጋዝ እንጂ በመጥረቢያ እንደማይነካ፣ እንዲሁም አይሱዙው ከመጫኑ በፊት ሙሉ ክፍያ እንደሚፈጸም። ቅርንጫፉና ቅጠሉ ለማን እንደሚቀር ካልተጻፈ ነጋዴው ይወስደዋል፤ ለአንድ ቤት የዓመት ማገዶ የሚሆነው ደግሞ እሱ ነው።